አልታጠፍ ያለው ጎማ

የአይሮፕላን ጎማ የተሠራው ለመሬት ነው፤ አይሮፕላኑ ሰማይ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ጎማው ሸክም እንጂ ረዳት አይደለም። ስለዚህ ፈጣኖቹ አይሮፕላኖች ከመሬት እንደ ተነሡ ጎማቸውን አጥፈው በሆዳቸው ወይም በክንፋቸው ውስጥ ይሸሽጉታል። ይህ ቀላል መስሎ የሚታየው ሥራ ሳይሳካ ሲቀር «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው በእውነተኛ አይሮፕላን ላይ ለሚሠሩት ብቻ የተተወ አይደለም፤ በኮምፒዩተር ላይ በሲሙሌተር የድሮ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ለሚያበሩት ተማሪዎችም ዘወትር የሚያጋጥም ነው።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ሲል፤ ሌላው «ነጂው አላወቀበትም» ይላል። ሁለቱም ምርመራው ሳይጀመር ፍርዱን የሚዘጉ ናቸው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና እኛም በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከሥሩ ለማየት እንሞክራለን። ለምሳሌ የመረጥነው «በራሪው ምሽግ» እየተባለ የሚጠራውን የአሜሪካኖቹን ቦይንግ ቢ-17 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

ሀ/ ጎማው ስለ ምን ይታጠፋል?

አየር ባዶ ነገር አይደለም፤ በውስጡ የሚያልፈውን ሁሉ ወደ ኋላ ይይዛል። የሚይዝበትም ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ስለዚህ አንድ አይሮፕላን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረውን ፍጥነት ወደ 200 ቢያሳድግ፤ በተንጠለጠለው ጎማ ላይ የሚያርፈው የአየር ግፊት 4 እጥፍ ይሆናል። ይህን ግፊት ለማሸነፍ ከሞተሩ የሚጠየቀው የፈረስ ጉልበት ደግሞ ግፊቱ በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኝ ስለሆነ 8 እጥፍ ይደርሳል።

ቢ-17 እያንዳንዳቸው ሲነሡ 1,200 የፈረስ ጉልበት የሚሰጡ አራት ሞተሮች ነበሩት። ነዳጅና ቦምብ ተሸክሞ በመነሣት ላይ ሳለ ከአራቱ አንዱ ቢጠፋ፤ የቀረው ጉልበት ከፊሉ የተንጠለጠለ ጎማ ለመጎተት የሚውል ከሆነ አይሮፕላኑ ከፍታ ለማግኘት ይቸገራል። እንግዲህ ጎማ ማጠፍ ለጌጥ ወይም ለፍጥነት ውድድር የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው።

ለ/ የቢ-17 ጎማ አሠራር

የቢ-17 የመጀመሪያው ናሙና፤ ሞዴል 299 የተባለው፤ መጀመሪያ የበረረው ሐምሌ 28 ቀን 1935 ነው። ከዚያ እስከ 1945 ድረስ 12,731 ተሠርተዋል። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ትልልቅ አይሮፕላኖች ጎማቸውን የሚያጥፉት በዘይት ግፊት ነበር። ለምሳሌ ቢ-24 የተባለው ሌላው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ጎማውን የሚያጥፈው በዘይት ሲሆን፤ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የተገጠመው በ3ኛው ሞተር ላይ ነበር። የእንግሊዞቹ ላንካስተርም በዘይት ይሠራ ነበር፤ ዘይቱ ቢጠፋ ጎማውን ለማውረጃ የታመቀ አየር ተዘጋጅቶለት ነበር።

ቢ-17 ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። በእርሱ ላይ የዘይት ግፊት የሚያገለግለው ለፍሬንና በሞተሮቹ ዙሪያ ያሉትን የማቀዝቀዣ ክዳኖች ለመክፈትና ለመዝጋት ነው። ጎማዎቹና በክንፉ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚወርዱት ሰሌዳዎች፤ ማለት ፍላፖቹ፤ የሚንቀሳቀሱት በ24 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። ግራውና ቀኙ ዋና ጎማ እንዲሁም የጅራቱ ጎማ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሞተር አላቸው። ሞተሩ ረጅም ብሎን ያዞራል፤ ብሎኑም ሲዞር ጎማውን ይስባል ወይም ያወርዳል። ይህን ለመረዳት የመኪና ክሪክን ማሰብ ይበቃል፤ ብሎኑን ስናዞረው መኪናውን ያነሣል፤ የመኪናው ክብደት ግን ብሎኑን መልሶ ሊያዞረው አይችልም።

ጎማው መጨረሻው ላይ ሲደርስ አንድ ትንሽ ማብሪያ ተነክቶ ሞተሩን በራሱ ያቆመዋል። ነጂው የሚያዝዝበት ማብሪያ ደግሞ ሦስት ቦታ አለው፤ ወደ ላይ ማጠፊያ፤ ወደ ታች ማውረጃ፤ መካከሉ ደግሞ ኤሌክትሪኩ የሚቋረጥበት ነው። ጎማው ወርዶ ሲቆለፍ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ይሁን እንጂ ሠራተኞቹ በመብራቱ ብቻ እንዲያምኑ አልተፈቀደላቸውም። ለማረፍ ሲሉ በሚያነቡት የማረጋገጫ ዝርዝር ላይ የቀኙና የግራው ጎማ መውረድ በዐይን እንዲታይ፤ የጅራቱም ጎማ እንዲረጋገጥ፤ ከዚያ መብራቱ እንዲታይ፤ በመጨረሻም ማብሪያው ወደ መካከል እንዲመለስ ታዝዟል። ኤሌክትሪኩ ጨርሶ ቢጠፋ አንድ ሰው ወደ ቦምቡ ክፍል ሄዶ መዘውር አስገብቶ ዋናዎቹን ጎማዎች በእጁ ያዞራል፤ የጅራቱም ጎማ እንዲሁ የራሱ የእጅ መዘውር አለው።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። የቢ-17 ዋና ጎማ ፈጽሞ ከታጠፈ በኋላም ከፊሉ ከሞተሩ ቤት በታች ወጥቶ ይታያል። ይህን የማያውቅ ሰው ሲሙሌተሩ ላይ ከውጭ ሲመለከት «ጎማው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ» ብሎ ያልታመመውን ሊያክም ይነሣል። የመጀመሪያው ምርመራ እንግዲህ ትክክለኛው ነገር ምን እንደሚመስል ማወቅ ነው።

ሐ/ ጥቂት ስሌት

ኤሌክትሪክ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ መናገር አይበቃም። ለስሌት ያህል ብቻ አንድ ሞተር በ24 ቮልት 100 አምፔር ይስባል እንበል፤ ይህ ቁጥር ምሳሌ እንጂ የአይሮፕላኑ ልክ አይደለም። ሁለቱን ብናባዛ 2,400 ዋት እናገኛለን። አሁን በመንገዱ ላይ አንድ የላላ ወይም የዛገ የሽቦ መጋጠሚያ ቢኖርና 0.05 ኦም ብቻ ቢከላከል፤ 100 ሲባዛ በ0.05 ስለሆነ 5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ለሞተሩ የሚደርሰው 19 ቮልት ብቻ ነው፤ መጋጠሚያውም በ500 ዋት ይግላል።

ውጤቱ ምንድን ነው? ጎማው «እንቢ» አይልም፤ ነገር ግን እየዘገየ ይታጠፋል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ ከመቆም በፊት መዘግየት አለ፤ መዘግየቱም ማስጠንቀቂያ ነው። ኤሌክትሪኩን በ«አለ» እና በ«የለም» ብቻ የሚያውቅ ሲሙሌተር ይህን ማስጠንቀቂያ ፈጽሞ አያሳየንም።

መ/ በሲሙሌተር ውስጥ ጎማ ምንድን ነው?

የመጀመሪያውን ስመ ጥር የበረራ መለማመጃ በ1929 የሠራው ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ቤተሰቡ ኦርጋን የሚሠራ ስለ ነበረ፤ መለማመጃውን ያዘነበለውና ያነቃነቀው ኦርጋን በሚነፋበት ወናፍ ነበር። የአሜሪካ ጦር በ1934 ፖስታ እንዲያመላልስ ታዝዞ ብዙ ነጂዎች በመጥፎ አየር ከሞቱበት በኋላ ስድስት የሊንክ መለማመጃዎች ገዛ። በዚያ መሣሪያ ውስጥ እውነተኛ አየርና እውነተኛ ቆዳ ነበረ። ዛሬ በኮምፒዩተር በምናየው ሲሙሌተር ውስጥ ግን ጎማው ብረት አይደለም፤ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 0 «ታጥፏል»፤ 100 «ወርዷል» ማለት ሊሆን ይችላል፤ በመካከል ያለው ሁሉ የጉዞው መጠን ነው።

ከነጂው ጣት እስከዚህ ቁጥር ድረስ ያለውን መንገድ በአምስት ክፍል ልናየው እንችላለን።

1ኛ/ ትእዛዙ፦ ቁልፉ ሲነካ ወይም እጀታው ሲንቀሳቀስ የሚላከው ምልክት ነው።

2ኛ/ የኃይሉ ምንጭ፦ ባትሪው፤ ጄኔራተሩ ወይም የዘይት ፓምፑ ነው።

3ኛ/ ደንቡ፦ «መሬት ላይ ሳለ አትታጠፍ»፤ «ከዚህ ፍጥነት በላይ ከሆነ ተሰበር» የሚሉት ትእዛዞች ናቸው።

4ኛ/ የበረራው ስሌት፦ የወረደው ጎማ አይሮፕላኑን ምን ያህል እንደሚይዘው የሚያሰላው ክፍል ነው።

5ኛ/ ሥዕሉ፦ በዐይናችን የምናየው ጎማ ነው።

እነዚህ አምስቱ በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ ተለያይተው ሊኖሩ አይችሉም፤ ብረቱ ከታጠፈ አየሩም ያውቀዋል፤ ዐይንም ያየዋል። በሲሙሌተር ውስጥ ግን ሥዕሉና ስሌቱ በተለያዩ ሰዎች፤ በተለያየ ጊዜ ሊሠሩ ስለሚችሉ ላይስማሙ ይችላሉ።

አንድ ግልጽ ምሳሌ እንስጥ። በ2006 በወጣው በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ የእያንዳንዱ አይሮፕላን ጠባይ የሚጻፍበት ፋይል አለ። በዚያ ፋይል የጎማው አሠራር የሚወሰነው በአንድ ቁጥር ነው፤ 0 በኤሌክትሪክ፤ 1 በዘይት፤ 2 በአየር ግፊት፤ 3 በእጅ፤ 4 ምንም ማለት ነው። ጎማው ለመታጠፍና ለመውረድ የሚወስደው ሴኮንድም እዚያው ይጻፋል። አሁን የቢ-17ን ሞዴል የሚሠራ ሰው ከሌላ ቦምብ ጣይ ገልብጦ 1 ቢጽፍ ምን ይሆናል? ተማሪው ባትሪውን ሲያጠፋ ጎማው ይታጠፍለታል፤ የዘይቱን ግፊት ሲያጠፋ ግን አልታጠፍ ይለዋል። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ነጂውም አልተሳሳተም። ያም ሆኖ ተማሪው የሚማረው የቢ-17ን ሳይሆን የሌላ አይሮፕላን ጠባይ ነው። አንድ ቁጥር ሐሰተኛ መምህር ሆነ ማለት ነው።

ሠ/ ምርመራው በተራ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው በመጨረሻ ጎማው ቢታጠፍለትም እንኳ ለምን እንደ ታጠፈ አያውቅም። እኛ የምንመክረው ተራ የሚከተለው ነው።

አስቀድሞ ምንም ሳይነኩ የታየውን በወረቀት መጻፍ ነው። ጎማው ጨርሶ አልተንቀሳቀሰም? ጀምሮ ቆመ? ታጥፎ ተመለሰ? ወይስ አንዱ ታጥፎ ሌላው ቀረ? እነዚህ አራቱ የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

ሁለተኛው መንገዱን ከመካከሉ መክፈል ነው። በቢ-17 ላይ ለዚህ የሚያገለግል ጥሩ ፈተና አለ፤ ፍላፑም በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ፍላፑን ማዘዝ ነው። ፍላፑ ከተንቀሳቀሰ ባትሪና ጄኔራተር እንመርምር ማለት ድካም ብቻ ነው፤ ኃይሉ አለና። ጥፋቱ በጎማው ትእዛዝ ወይም በደንቡ ወገን ይፈለግ። ፍላፑም እንቢ ካለ ግን ወደ ባትሪው ማብሪያ እንሂድ። በአንድ ፈተና የመንገዱን ብዙ ክፍል ከጥርጣሬ ነፃ አወጣን ማለት ነው።

ሦስተኛው ጎማው መታጠፍ ጀምሮ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ የሚጣሉ ሁለት ትእዛዞችን መፈለግ ነው። አንድ ሰው በቁልፍ ሰሌዳው «ታጠፍ» ሲል፤ ከጎኑ የተገጠመው የእጅ መቆጣጠሪያ ላይ ያለው እጀታ ደግሞ «ውረድ» እያለ ሊሆን ይችላል። አንዱን ነቅሎ እንደገና መሞከር ይህን ያጣራል። እዚህ ላይ የሦስቱ ቦታ ማብሪያ ጉዳይም ይመጣል። በብዙ ሲሙሌተሮች አንድ ቁልፍ ሲነካ ጎማው ይታጠፋል፤ ሲደገም ይወርዳል፤ መካከል የሚባል ቦታ የለም። ሁለት ጊዜ የነካ ሰው ምንም እንዳልተደረገ ያያል።

አራተኛው ሙከራውን በአየር ላይ ማድረግ ነው። ብዙ አይሮፕላኖች ክብደታቸው በጎማው ላይ እስካለ ድረስ ጎማው እንዳይታጠፍ የሚከለክል መሣሪያ አላቸው፤ ሞዴል ሠሪዎችም ይህን ደንብ ያስገባሉ። መሬት ላይ ቆሞ «እንቢ አለኝ» ማለት እንግዲህ የጤንነት ምልክት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው ዐይንን በቁጥር መመስከር ነው። በአንድ ከፍታና በአንድ የሞተር ኃይል እየበረሩ ጎማውን ከማጠፍ በፊትና በኋላ ፍጥነቱን መጻፍ ይገባል። ሥዕሉ ታጥፎ ፍጥነቱ ካልጨመረ የታጠፈው ሥዕሉ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ጨምሮ ሥዕሉ ካልታጠፈ ደግሞ በሽታው በሥዕሉ ላይ ነው፤ በረራውን አይነካም።

በመጨረሻም የሲሙሌተሩን ዝምታ መመርመር ያስፈልጋል። በእውነተኛው ቢ-17 እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር ስላለው አንዱ ታጥፎ ሌላው ሊቀር ይችላል። ሦስቱን ጎማዎች በአንድ ቁጥር የሚያንቀሳቅስ ሞዴል ላይ ግን ይህ ብልሽት ሊደርስ አይችልም። ብልሽት የማያሳይ ሞዴል የተሟላ ሞዴል ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ እንበል።

ረ/ «የነጂው ጥፋት» የሚለው ፍርድ

ይህ ሁሉ ለጨዋታ የተደረገ ድካም ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን ከራሱ ከቢ-17 ታሪክ የሚገኝ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንዳንድ የቢ-17 ነጂዎች በደኅና ካረፉ በኋላ፤ አይሮፕላኑ ገና በመንደርደሪያው ላይ ሳለ፤ ፍላፑን መልሰን እናነሣለን ሲሉ የጎማውን ማብሪያ እየነኩ አይሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር። ፍርዱ ምንጊዜም አንድ ነበር፦ የነጂው ጥፋት። በ1943 በአሜሪካ ጦር አየር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ይሠራ የነበረ አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ይህን እንዲያጠና ታዘዘ። እርሱም አንድ የሚያስደንቅ ነገር አየ። ስሕተቱ የሚደጋገመው በቢ-17፤ በቢ-25 እና በፒ-47 ነጂዎች ላይ ነበር፤ የሲ-47 ረዳት ነጂዎች ግን ይህን አያደርጉም ነበር። ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዐይነት ሰዎች ናቸው። የተለየው የማብሪያው አቀማመጥ ነበር። በቢ-17 የጎማውና የፍላፑ ማብሪያ እጅግ ተመሳሳይ ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ በሲ-47 ግን ሁለቱ እጀታዎች የተለያዩና አሠራራቸውም የማይመሳሰል ነበር።

መፍትሔው ርካሽ ነበር። በጎማው ማብሪያ ጫፍ ላይ ጎማ የመሰለ ትንሽ ክብ፤ በፍላፑ ማብሪያ ጫፍ ላይ ደግሞ ሽብልቅ የመሰለ ቅርፅ ተደረገ። የደከመውም ነጂ፤ በጨለማም ያለው ነጂ፤ ጣቱ ምን እንደ ያዘ ያውቃል። ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ ደግሞ በ1947 «የነጂ ስሕተት» የተባሉ 460 አጋጣሚዎችን መርምረው፤ ብዙዎቹ ከመሣሪያው አሠራርና አቀማመጥ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳዩ። ዛሬ የአሜሪካ የመንገደኛ ትልልቅ አይሮፕላኖች ደንብ የጎማው እጀታ የጎማ ቅርፅ፤ የፍላፑም እጀታ የፍላፕ ቅርፅ እንዲኖረው ያዝዛል። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራውን የጀመረው በዚሁ በሲ-47 ነበር።

ነጂ ፈጽሞ አይሳሳትም ማለታችን አይደለም። ጥቅምት 30 ቀን 1935 የቢ-17 ናሙና ከመሬት እንደ ተነሣ ወድቆ ሁለት ሰዎች የሞቱት፤ አይሮፕላኑ ቆሞ ሳለ መሪዎቹን ከነፋስ የሚጠብቀው መቆለፊያ ሳይፈታ ቀርቶ ነው። የነበሩት ሰዎች ግን በሙያቸው የተመሰገኑ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተወሰደው እርምጃ «የተሻለ ነጂ እንፈልግ» የሚል አልነበረም፤ ማንም ሰው ሊረሳ እንደሚችል ታምኖ የማረጋገጫው ዝርዝር ተጻፈ። ከላይ የጠቀስነው ጎማን በዐይን አይቶ መናገር የዚያ ትምህርት ልጅ ነው።

እንግዲህ በሲሙሌተር ላይ ጎማ አልታጠፍ ሲል ከፊታችን ያለው ትንሽ የትምህርት ቤት ነው። በአንድ ቁልፍ የለመደ እጅ እውነተኛው ማብሪያ ፊት ሲቀርብ ሦስተኛውን ቦታ አያስታውሰውም፤ የተሳሳተ ቁጥር ያስተማረው ተማሪም ነገ መሐንዲስ ሆኖ የሚሄደው ያንኑ ይዞ ነው። በመካከላችን ፕሮግራም የሚጽፉ አሉ፤ ማሽን የሚያጠኑ አሉ፤ የሰውን ጠባይ የሚያጠኑም አሉ። ጥያቄው የሦስቱንም ትምህርት ስለሚነካ አንዱ ለብቻው አይጨርሰውም።

ስለዚህ ጓደኞቻችንን የምንለምነው ይህን ነው። ብልሽት ስናገኝ በመጀመሪያ ያየነውን እንጻፍ፤ ቀጥሎ መንገዱን ከመካከሉ እንክፈል፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። «የሰው ስሕተት ነው» የሚል መልስ ላይ ስንደርስ ደግሞ እዚያ አናቁም፤ ሰውየውን ያሳሳተው ምንድን ነው ብለን አንድ ጥያቄ እንጨምር። የጎማ ቅርፅ ያለው እጀታ የተገኘው በዚያች አንዲት ተጨማሪ ጥያቄ ነው።